የተቆላ ቡና የሚመስል እንቁላል

ዶሮ ጆሮ እንዳላት አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አስቤ አላውቅም ነበር። ስድሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኛል፤ ዕድሜዬን ሁሉ ከዶሮ ጋር ነው የኖርሁት፤ ስንቷን አርጃለሁ፣ ስንቷን ከማሳ አባርሬያለሁ፤ አንዲቷን እንኳ ይዤ «ጆሮሽ የት ነው?» ብዬ አላውቅም። ባለፈው ክረምት ግን አማኑኤል ከተማ ዳር ያለውን ጓሮ ሁሉ እየዞርሁ የሰው ዶሮ ጆሮ ስመለከት ከረምሁ። አበደ አሉኝ። አላበድሁም። ዋሽቼ ነው።

ውሸቱ የተዋሸው በሰኔ፣ በአንድ እሑድ፣ በስልክ ነው። የዋሸሁትም ልጄን ጥሩዬን ነው።

ጥሩዬ አንዲት ልጄ ናት፤ ባሕር ዳር ታስተምራለች። እናቷ ከሞተች ሦስት ዓመት አለፈ። ተዝካሩ በወጣ ማግሥት ልጅቱ ድስቱን አጥባ፣ ብርድ ልብሴን አጣጥፋ፣ «አባዬ፣ ለብቻህ እንዴት ትሆናለህ? ትምህርት ቤት ሲዘጋ እየመጣሁ እከርማለሁ» አለችኝ። ሌላ አባት ቢሆን «እሰይ ልጄ» ይል ነበር። እኔ ግን «ለእኔ ብለሽ እግርሽን እንዳታነሺ፤ ሞግዚት አልፈልግም» አልኋት። ኀዘን ላይ ስለነበርሁ ነው ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ አፌ ከኀዘኑም በፊት እንደዚያው ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የተናገርሁትን የሰማኝ የለም። በሬዬ አይሰማኝም፤ ጎረቤት አይሰማኝም፤ ቀበሌ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ስናገር ሰው ሁሉ ሳል ይጀምረዋል። ያችን አንዲት ቃል ግን ልጄ ሰማቻት። ሦስት ዓመት እግሯን አላነሣችም።

እሑድ እሑድ ትደውላለች። ንግግራችን ይህ ነው።

«አባዬ ደህና ነህ?»

«ደህና።»

«እህሉስ?»

«ደህና።»

«ዝናቡስ?»

«ይዘንባል።»

«በል እሺ፣ ራስህን ጠብቅ።»

ስልኩ ሲዘጋ ስንት ደቂቃ እንዳወራን መስተዋቱ ላይ ይጽፋል። እኔ ፊደል የቆጠርሁት ጠጉሬ ከሸበተ በኋላ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ የተጻፈ ነገር ሳያነብ አያልፍም፤ የሳሙና ወረቀት ሳይቀር አነባለሁ። ስልኩ ሁለት ደቂቃ ይላል። አንዳንዴ ሁለትም አይሞላም። ባልማር ኖሮ ብዙ ያወራን ይመስለኝ ነበር።

ያን እሑድ ግን ጥሩዬ ከዝናቡ አልፋ ሄደች። «አባዬ፣ ከምኖርበት ግቢ ሰዎች ጋር ዶሮ ልናረባ አስበን ዘር እየመረጥን ነው። በስልክ ምን የመሰለ እንቁላል አየሁ መሰለህ! ቡናማ ነው፤ ግን ዝም ብሎ ቡናማ አይደለም፤ የተቆላ ቡና የሚመስል! እንዲህ ያለ የሚጥል ዘር ከየት ይገኝ ይሆን?»

አላውቅም ብል ቀጥሎ የሚመጣው «በል እሺ» ነው። ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ይሰማኛል። አፌ ከእኔ ቀደመ።

«ከየት ይገኛል ትያለሽ? ከእኔ ጓሮ ነዋ!»

«ምን?»

«አለችኝ አንዲት። የተቆላ ቡና ነው የምትጥለው። እንዲያውም ትንሽ ያረረ።»

አሥራ አራት ደቂቃ አወራን። ስሟ ማን ነው አለችኝ፤ «ጠይም» አልኋት። በሚቀጥለው እሑድ ጠይም ጠባይ አወጣች፤ ኩሩ ሆነች፣ ከሌላ ዶሮ ጋር አንድ ዕቃ ላይ አትበላም አልሁ። በሦስተኛው እሑድ ጭልፊት አባረረች። እኔ ጓሮ የነበረችው ከፋሲካ ወዲህ አንድ እንቁላል ጥላ የማታውቅ ነጭ አሮጊት ዶሮ ብቻ ናት፤ እሷም ጭልፊት ካየች አልጋዬ ሥር ነው የምትገባ። ጥሩዬ ግን ትስቃለች። ልጄ በስልክ ስትስቅ ከሰማሁ ሦስት ዓመቴ ነበር። እንዴት ብዬ ልተው?

በሐምሌ መጀመሪያ «አባዬ» አለችኝ፣ «ፍልሰታ የሚፈታ ዕለት እመጣለሁ። ለመታቀፊያ የሚሆን አሥራ ሁለት እንቁላል ከጠይም አስቀምጥልኝ።»

ስልኩን ዘግቼ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ላብ አጠመቀኝ። ዶሮዋ የለችም ካልሁ ልጄ አትመጣም። ዝም ካልሁ ትመጣለች፤ መጥታ ውሸታም አባት ታገኛለች። የቀረኝ ጠይምን መውለድ ነው።

እንግዲህ አስቡት፤ ጠቆር ያለ እንቁላል ከጥቁር ዶሮ ካልወጣ ከማን ይወጣል? ይህ ለእኔ ግልጽ ነበር። በገበያው ቀን ጭቃውን እየቦጫረቅሁ ወደ ዶሮ ተራ ወረድሁ።

«ጥቁር ዶሮ አለሽ?» አልኋት አንዲቷን ሻጭ። «ሴት ትሁን። እግሯ ሳይቀር ጥቁር። አንዲት ነጭ ላባ እንዳይኖርባት።»

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝ። «ለምን ጉዳይ ነው አባቴ?»

«ለቤት።»

«ሁሉም ለቤት ነው የሚሉ» አለችና ቅርጫቷን ወደ ራሷ ሳበች።

የገባኝ ዘግይቶ ነው። በእኛ አገር ነጭ ነጥብ የሌለባትን ጥቁር ዶሮ አስሶ የሚፈልግ ሰው የታዘዘ ሰው ነው፤ አዛዡም ጠንቋይ ነው። እኔ ጅሉ ደግሞ አንዷ ስትከለክለኝ ወደ ሁለተኛዋ፣ ሁለተኛዋ ስታማትብ ወደ ሦስተኛዋ ሄድሁ። ቤቴ ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቶ፣ ጎረቤቴ ስንዱ አጥር ላይ ተደግፋ ትጠብቀኛለች። ስንዱ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ምላሷ ግን በሕይወት አለ።

«የጥሩዬ አባት፣ እስቲ እውነቱን ንገረኝ፤ በማን ላይ ልታስደርግ ነው? በእኔ ከሆነ አስቀድመህ ንገረኝና ጠበል ልጠመቅ።»

«ሂጂ ወዲያ!»

«እሄዳለሁ። ዶሮዎቼን ግን ቆጥሬያቸዋለሁ።»

በሦስተኛው ቀን የንስሐ አባቴ መጡ። ዱላቸውን ግድግዳ አስደግፈው፣ መደቡ ላይ ተቀምጠው፣ ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ልጄ፣ ጥቁር ዶሮ ትፈልጋለህ አሉ።»

«አዎ አባቴ።»

«ምን ጎደለብህ?»

«እንቁላል።»

«ለእንቁላል ቀይዋ ምን አነሳት?»

«ጥቁር እንቁላል ፈልጌ ነው።»

እውነቱን መናገሬ ነበር። ቄሱ ግን ተነሥተው መስቀላቸውን አወጡ። ቤቱን ጠበል ረጩት፤ እኔን ረጩኝ፤ ደጅ የቆመችውን ነጭ አሮጊት ዶሮ ሳይቀር ረጯት። የሰባት ቀን ስግደት አዘዙኝ። በጉልበቴ አዘንሁ እንጂ በእሳቸው አላዘንሁም፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ያን ያህል ሰዓት ቤቴ የተቀመጠ እንግዳ አልነበረም።

ስግደቱን ስጨርስ ግብርና ቢሮ ሄድሁ። የዶሮ ባለሙያዋ በልጄ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። ሰማችኝና አልሳቀችም፤ አመሰገንኋት።

«አባቴ፣ በላባዋ አይደለም የሚታወቀው። ጆሮዋን ይመልከቱ።»

«ዶሮ ጆሮ አላት?»

«አላት እንጂ። ከጆሮዋ ሥር ያለችው ቆዳ ቀይ ከሆነች ብዙ ጊዜ እንቁላሏ ቡናማ ነው፤ ነጭ ከሆነች ነጭ ነው። ሁልጊዜ አይደለም ታዲያ።» ይህንኑ የጻፈ አንድ ወረቀትም ሰጠችኝ። ወረቀቱ ላይ «ሁልጊዜ አይደለም» የሚል አልነበረም። እኔ ደግሞ ከተነገረኝ ይልቅ የተጻፈውን ነው የማምን።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን መናገር ያሳፍራል፤ እናገራለሁ። ሰው ቤት እህል ልበደር ብዬ እገባና ዶሮዎቹን አያለሁ። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ዶሮ በደጅ ስታልፍ አንገቴን አሰግጋለሁ። አንድ ቀን ስንዱ አጥር ሥር ጭቃው ላይ ተንበርክኬ፣ ቀይ ጆሮ ያላትን ዶሮዋን በክንፏ ይዤ፣ ዓይኔ ስለደከመ ፊቴን አስጠግቼ ሳይ ከላዬ ድምፅ መጣ።

«አሁን ደግሞ በጆሮዋ ምን እየነገርሃት ነው?»

«ምንም።»

«አፍህ ጆሮዋ ላይ ነው እኮ!»

«ስንዱ፣ ይቺ ዶሮ የምትጥለው እንቁላል ምን ዓይነት ነው?»

ስንዱ ዶሮዋን ነጥቃኝ፣ ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ ቤቷ ገብታ አንድ እንቁላል ይዛ ተመለሰችና በአጥሩ ላይ አሳየችኝ። ከደብተር ወረቀት የነጣ ነው። በወረቀት ያለኝ እምነት የዚያን ቀን ቀነሰ።

ወደ ባለሙያዋ ተመለስሁ። «የሚሉት ዓይነት የጠቆረ እንቁላል የሚጥል ዘር እኛ ዘንድ አላየሁም» አለችኝ ቀስ ብላ፣ የታመመ ሰው እንደምታጽናና። «ቀረብ የሚለው ሮድ አይላንድ ሬድ የሚሉት ቀይ ዶሮ ነው። ደብረ ማርቆስ የሚያረቡ አሉ።»

ሄድሁ፤ መጣል የጀመረች አንዲት ቀይ ዶሮ ገዛሁ። ዋጋዋን አልነግራችሁም፤ ትስቃላችሁ። ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጫት፣ ጋቢ አልብሻት፣ ከከተማው ወጣ እንዳልን ስትቁነጠነጥ ቆየችና ጸጥ አለች። ጭኔ ሞቀኝ። ጋቢውን ገለጥ ባደርግ እንቁላል። ከጎኔ የተቀመጡ አሮጊት እንቁላሉን አዩ፣ እኔን አዩና፣ «እንኳን ማርያም ማረችህ ልጄ» አሉኝ። ሚኒባሱ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን የማየው ቀለሙን ነበር። ወተት የበዛበት ሻይ ነው። የተቆላ ቡና አይደለም፤ ተቆልቶ ያላለቀም አይደለም። ሻይ በወተት።

ከምግብ ይሆናል አልሁ። የቡና አተላ ሰጠኋት፤ በእግሯ በተነችው። ያረረ ገብስ ሰጠኋት፤ በላች፤ ሻይ በወተት ጣለች። ቀይ አፈር በጥብጬ ሰጠኋት፤ አየችኝና ሄደች። በዚህ መሀል ፍልሰታ ገባ። እንቁላል አይበላ፤ ሻይ በወተቱ መሶብ ሥር እየተደረደረ ሄደ። ዝናቡ ከጠዋት እስከ ማታ ነው፤ የሚመጣ የለም፤ ከዶሮዋ ጋር ማውራት ጀመርሁ። ስለ ባለቤቴ ነገርኋት። ጥሩዬ ልጅ ሳለች ጫጩት ሲሞት እንዴት ታለቅስ እንደነበረ ነገርኋት። ዶሮዋ ጥሩ ሰሚ ናት፤ «በል እሺ» አትልም።

ጾሙ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው ስንዱ ለእሳት መጫሪያ ፍም ልትወስድ መጣች። እጇን ስትዘረጋ አየሁት። ጥፍሯ፣ መዳፏ፣ ጣቷ፣ ጠቆር ያለ ቀይ፤ ለፍልሰታ እንሶስላ ሞቃለች። ፍሙን ትቼ እጇን እጇን አየሁ።

«ምን ነካህ አንተ ሰውዬ?»

«እንሶስላሽ ተርፎሻል?»

«ለማን?»

«ለእግሬ። ያቃጥለኛል።»

እንዳላመነችኝ በአካሄዷ አሳወቀችኝ፤ ግን የተወቀጠ ሥር በቅጠል ጠቅልላ ሰጠችኝ። በጠዋት ተነሥቼ አሥራ ሁለቱን እንቁላል አንድ በአንድ ለወስሁ፤ ሴቶቹ ጣታቸውን እንደሚያደርጉት በጉሎ ቅጠል ጠቀለልሁ፤ በክር አሰርሁ። እስከ ማታ ታስረው ዋሉ። ስፈታቸው፣ ወገኖቼ፣ የተቆላ ቡና! እንዲያውም ትንሽ ያረረ! ብቻዬን ቤት ውስጥ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ከዚያ እጄን አየሁ።

እንሶስላ እንቁላልና እጅ አይለይም። ይህን አገር ሁሉ ያውቃል፤ ዕድሜ ልኬን ሚስቴ ስትቀባ አይቻለሁ፤ እንግዲህ እንዴት እንደረሳሁት እኔ አላውቅም። ሁለት እጄ እስከ አንጓው ሙሽራ ሆኗል። በሳሙና አጠብሁት፤ በአመድ ፈተግሁት፤ በእንዶድ ላጥሁት። ሳሙናው ተዋበ፤ እጄ ባሰበት።

በበዓሉ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። እጄን ጋቢዬ ውስጥ ቀብሬ ከግንቡ ሥር ቆምሁ። መስቀል ስሳለም በግንባሬ ገፋሁ። ሁሉም ደህና ሄደ፤ እስከ ጠበሉ። ጠበል ደግሞ መዳፍ ሳይዘረጉ አይጠጣም። የንስሐ አባቴ ማንቆርቆሪያውን ይዘው ፊቴ ቆሙ። ሰው ከኋላዬ ይገፋል። ዘረጋሁት።

ቄሱ መዳፌን አዩ። ማንቆርቆሪያው አየር ላይ ቀረ። «በመጀመሪያ ጥቁር ዶሮ» አሉ በለሆሳስ፣ «አሁን ደግሞ ቀይ እጅ። ልጄ፣ ልታገባ ነው?»

ከሴቶቹ በኩል የስንዱ ሳቅ ሲያፈተልክ ሰማሁ። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ነበር፤ አልያዘላትም።

ጥሩዬ ከሰዓት በኋላ መጣች። ከስታለች። ዝናብ እያንጠባጠበች ገብታ አንገቴን አቀፈችኝ። እኔ እጄን ጋቢዬ ውስጥ እንደ ቀበርሁ ግንድ ሆኜ ቆምሁ። ቀስ ብላ ለቀቀችኝ።

«እጅህን እንኳ አትሰጠኝም?»

«በርዶኝ ነው።»

ሻንጣዋን ከመሬት አላስቀመጠችም። «አባዬ፣ አትምጪ ያልኸኝን አልረሳሁም። ላስቸግርህ አይደለም። እንቁላሉን ልውሰድና ነገ በጠዋት እሄዳለሁ።»

ይህን ስትል ድምፅዋ የእናቷን ሆነ። እጄን አወጣሁት።

ጎንበስ ብላ አየችው። «እንሶስላ ነው?»

«ነው።»

«አንተ እጅ ላይ ምን ይሠራል?»

መሶቡን አንሥቼ አሥራ ሁለቱን አሳየኋት። «ጠይም የምትባል ዶሮ የለችም» አልሁ። «ኖራም አታውቅም። የቀባኋቸው እኔ ነኝ።»

አንዱን አነሣች፤ ጣቷን በምራቋ አርጥባ አሸችው፤ ጣቷ ቀላ። ፊቷም ቀላ። «እኔ እኮ ለግቢው ሰው ሁሉ አውርቻለሁ! ቆጥ አሠርተናል! ይህን ይዤ ሄጄ አሳቅፌ፣ ሰው እየሰበሰብሁ... ምን አድርጌህ ነው የምትጫወትብኝ? ለምን?»

ብዙ መልስ አስቤ ነበር። የወጣው ይህ ነው። «ስልኩን እንዳትዘጊው ብዬ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ልጄ ሻንጣዋን አስቀመጠች። ቀይዋ ዶሮ መጥታ የሻንጣውን ማንገቻ ነካ ነካ አደረገችው። ጥሩዬ እጄን ያዘችና ገለባበጠችው።

«ጣትህ መሀል አልያዘም» አለች። «እማዬ ብታይህ ትስቅብህ ነበር።»

ፍልሰታ ሊፈታ ሲል እጇን የምትቀባላት እናቷ ነበረች። ልጅም ሆና፣ አስተማሪም ሆና፣ እናቷ ፊት ተቀምጣ አሥር ጣቷን ትዘረጋ ነበር። ከእናቷ ሞት ወዲህ ሌላ ሰው ቀብቷት እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ያን ጊዜም አልጠየቅሁም፤ እጇን አየሁ፤ ባዶ ነው።

«የተረፈህ አለ?» አለችኝ።

ነበረኝ። ቀባኋት። እኔ በሬ ጠምጄ፣ ጭነት ጭኜ አውቃለሁ እንጂ ጣት ጠቅልዬ አላውቅም፤ የጉሎውን ቅጠል እንደ ጤፍ ስልቻ አሰርሁት። ሁለት እጇ ሁለት ድቡልቡል ሆነ።

«አሁን በምን ልበላ ነው?» አለች።

እንቁላሎቹን ቀቀልሁ። ውኃው ደም መሰለ። ልጬ፣ በበርበሬና በጨው እያጠቀስሁ አጎረስኋት። ውስጣቸው ነጭ፣ አስኳላቸው ቢጫ ነው። «ከውስጥማ ያው እንቁላል ነው» አለች አፏን ሞልታ። ከአሥራ ሁለቱ ስምንቱን በላን። ሰባቱን የበላች እሷ ናት።

በማግሥቱ ሄደች። ስብሰባ አለብኝ አለች። «ክረምቱ ገና ነው» አልኋት፤ ከእኔ አፍ ይህን ያህል ከወጣ ብዙ ነው። ቀይዋን ዶሮ ሰጠኋት፤ «ሻይ በወተትም ቢሆን ደህና ቀለም ነው» ብላ አቅፋት ሚኒባስ ገባች። ነጯን አሮጊት አልወሰደችም። እሷና እኔ ከቤት ቀረን፤ ነጯ ደግሞ ሲያወሯት ትተኛለች።

እንሶስላ ከቆዳ በሳምንታት ይለቃል። ጥፍር ላይ ግን ጥፍሩ ራሱ አድጎ ካልወጣ አይለቅም። እሑድ እሑድ ስትደውል ስለ ቀይዋ ዶሮ ትነግረኝና፣ «ያንተስ የት ደረሰ?» ትለኛለች። «ግማሽ» እላታለሁ። «የአውራ ጣቴ ግን ወደኋላ ቀርቷል።» «የእኔም የአውራ ጣቴ!» ትላለች። በዚህ ዘጠኝ ደቂቃ ይሄዳል፤ አንድ ጊዜ አሥራ አንድ ሄዷል። ጥፍሬን አልቆርጥም አልሁ። ስንዱ «ጭልፊት መሰልህ» ትለኛለች። ትበል።

ያለፈው እሑድ ጥሩዬ፣ «የእኔ አለቀ አባዬ። የመጨረሻዋን ትናንት ቆረጥኋት» አለችኝ። ከዚያ ዝም አለች። ያችን ዝምታ አውቃታለሁ፤ «በል እሺ» ከኋላዋ ቆሟል።

«ያንተስ?» አለች።

ወደ በሩ ወጥቼ እጄን በፀሐይ አየሁት። አሥሩም ንጹሕ ነው፤ ባልቆርጠውም ጫፉ በሥራ እየተሰበረ ከገና በፊት ነው ያለቀው።

«የእኔማ» አልኋት፣ «ገና ጫፉ ላይ አለ።»